ጥንቸሉና የአባባ ግራ እጅ

ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ሞጣ አንድ ሱቅ ገባሁና ባለሱቁ የአቡጀዲውን ጥቅል ባንኮኒው ላይ ጥሎ ሲዘረጋው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ያልታጠበ አዲስ አቡጀዲ ሽታ ታውቃላችሁ፤ የዱቄትም የአቧራም የሆነ ነገር ነው። ሌላውን ሰው ያስነጥሰው ይሆናል። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። እውነቴን ነው! እኔ ራሴ የልጆች እናት ሆኜ፣ ማንም በማያውቀኝ ሱቅ ቆሜ እስከ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። «ምነው እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ ባለሱቁ። «ሙቀቱ ነው» አልኩና ዋጋውን እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

የሙቀት ነገር አልነበረም። አራተኛ ክፍል ሆኜ ሞጣ ያሳለፍኩት ዓመት ነው የመጣብኝ።

አገራችን ብቸና ነው። አባባ እዚያው የስፖርት አስተማሪ ነበር። ድሮ ሯጭ እንደነበረ ሰው ሁሉ ያወራል፤ እኔ ግን ሲወዳደር አላየሁትም። ባጃጅ ተገልብጦበት እግሩ ተሰበረ። ሆስፒታል ልሂድ ቢል እማዬ አይሆንም አለች፤ አጎቷ ስመ ጥር ወጌሻ ናቸውና አሸክማ እሳቸው ቤት ወሰደችው። አጎቷም አሹ፣ ጎተቱ፣ በቀርከሃ አሰሩ። እግሩ ገጠመ፣ ግን ተንጋዶ ገጠመ። አባባ ከዚያ ወዲህ ሲራመድ አንድ ትከሻው ወደ መሬት ያዘነብል ነበር።

ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል ምን እንደተባባሉ አላውቅም። የማውቀው አባባ እማዬን ማናገር መተዉን ነው። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ወጡን እየጨለፈች፣ «ውዴ፣ እናትሽን ጨው ጨምሪ በያት» ይለኛል። እኔም ዞር ብዬ «እማዬ፣ ጨው ጨምሪ ብሏል» እላለሁ። እሷም «አልቋል በይው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ይህ አንድ ዓይነት ጨዋታ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለእኔ የሚሆን ነገር አልነበረማ! ጨዋታ አለመሆኑን ያወቅሁት አባባ ዝውውር ጠይቆ ወደ ሞጣ ሊሄድ ሲነሳ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከእማዬ ጋር ቀረ። እኔ ለአባባ ሽሮ የምሠራለት ሰው ሆኜ ተከተልኩት። አውቶቡሱ ደብረ ወርቅን ሲያልፍ ዞሬ አባባን አየሁት፤ መስኮቱን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ተኝቷል ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን አልተኛም።

ሞጣ እትዬ አዛሉ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየን። እትዬ አዛሉ ጥሩ ሴት ነበሩ፤ የሰው ነገር ካላወቁ ግን እንጀራ የማይዋጥላቸው ነበሩ። አባባ ወጥቶ ሲገባ በራቸው ገርበብ ይላል።

በትምህርት ቤት የደረሰብኝን አልነግራችሁም ብዬ ነበር፤ ግን ልንገራችሁ። የሚያነክስ የስፖርት አስተማሪ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አባባ ፊሽካ ነፍቶ «ሩጡ!» ሲል ከኋላ ያሉት ልጆች «ቲቸር ይቅደሙና!» ይሉና ይንከተከታሉ። አባባ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ እላለሁ። ያን ዓመት ማሰሪያዬን ስፈታና ስቋጥር ነው የከረምኩት።

ጓደኛዬ ሐያት የጨርቅ ነጋዴው የጋሽ ሰይድ ልጅ ነበረች። ከትምህርት ስንወጣ ሱቃቸው እንሄዳለን። ከሱቁ ጀርባ ጥቅል ጥቅል አቡጀዲና ፖፕሊን እስከ ጣሪያ የተከመረበት ክፍል አለ፤ እዚያ ውስጥ ቴሌቪዥን ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ደግሞ የሐያት አጎት ከጅዳ የላከው ጌም። በእጅ የሚያዙት ሪሞቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው በአጭር ገመድ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዘህ ስታወዛውዝ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ይሮጣል። በፈጠንክ ቁጥር ይፈጥናል። ሩጫ አለ፣ መሰናክል ዝላይ አለ፣ ዋና አለ። የሚወዳደሩት ግን ሰዎች አይደሉም፤ የካርቱን እንስሳት ናቸው። ቀይ ሻርፕ ያደረገ ጥንቸል፣ ወፍራም እንቁራሪት፣ ድብ፣ መነጽር ያላት አሳማ። ስማቸውን በእንግሊዝኛ ይጠራል፤ እኛ ግን ጥንቸሉ፣ እንቁራሪቷ እያልን ነበር የምንጠራቸው።

ሐያት መጀመሪያ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «እነ ጥንቸሉ የራሳቸው ጌም ነበራቸው። እነ እንቁራሪቷም የራሳቸው ነበራቸው። ጠላት ነበሩ። አሁን ነው አብረው መጫወት የጀመሩት።»

«ማን አስታረቃቸው?» አልኳት።

ሐያት ትንሽ አሰበች። «ሽማግሌዎች ናቸዋ!»

እኔም አመንኩ። ለምን አላምንም? በእኛ አገር የተጣላ የሚታረቀው በሽማግሌ ነው። ጌሙ ውስጥም ፈለግኋቸውና አገኘኋቸው፤ ከሜዳው ዳር አግዳሚ ላይ አንድ ጉጉትና አንድ ኤሊ ተቀምጠው ውጤት ያሳያሉ። ፊታቸው ከባድ ነው፣ አይስቁም። እነዚህ ናቸው ያስታረቋቸው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያም ሌላ ነገር ማሰብ ጀመርኩ፤ ጥንቸልና እንቁራሪት ከታረቁ እማዬና አባባስ? እንዲህ ያለ ኤሊ ብቸና ውስጥ አይጠፋም እኮ!

አንድ ቀን አመሸሁና አባባ ሊፈልገኝ መጣ። ጋሽ ሰይድ «ግባ እንጂ ቲቸር፣ ልጆቹ ጓዳ ናቸው» ብለው አስገቡት። የሐያት አክስት ፋጡማ ነበረች የምትጫወተው። የጋሽ ሰይድ ታናሽ እህት ናት፤ ትዳሯ ፈርሶ ወንድሟ ቤት የተመለሰች፣ ሳቂታ፣ እንቁራሪቷን ይዛ ማንንም የማታስቀድም ሴት። አባባን አየችና ሁለቱን ሪሞቶች ዘረጋችለት።

«ይሞክሩት፣ ቲቸር።»

«የልጆች ነገር!» አለ አባባ።

«ፈሩ እንዴ?»

አባባ ሳቀ። ሪሞቶቹን ተቀበለ፤ ጥንቸሉን መረጠ። ፊሽካው ሲነፋ እጆቹን ማወዛወዝ ጀመረ። ወይ ጉድ! ቀኝ እጁ እንደ ሰው ነው የሚሄደው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ። ግራ እጁ ግን ከክርኑ ወደ ውጭ ይገነጠላል፤ ዝንብ የሚያባርር ነው የሚመስለው። እኔ እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ምላሱን ነክሷል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል። ሐያት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

እንቁራሪቷ ቀደመችው። «ድገሚ» አለ አባባ እያለከለከ። ደገሙ። ቀደመችው። ስንመለስ መንገድ ላይ ያዘነበለው ትከሻው ቀና ያለ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሆነ። ሑዳዴ ገብቷል፤ አባባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ ከቅዳሴ መልስ ሽሮውን ይቀምስና «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ጾም ነው እኮ! ጥንቸል ደግሞ በእኛ ዘንድ የማይበላ እንስሳ ነው። በሑዳዴ የማይበላ እንስሳ ሆኖ መሮጥ ጾም ይገድፍ ይሆን? ይህ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንቅልፍ እንደነሳኝ! መጨረሻ ላይ አሳማዋን ካልመረጠ እግዜር ይቅር ይላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እሷን ሊመርጥ እጁ በሄደ ቁጥር ግን ዓይኔን እጨፍናለሁ።

የባሰው ግን ጾሙ አልነበረም። አባባ ሽበት ያለው ሰው ነው፤ ሰው በመንገድ ላይ ቆብ አውልቆ ነው ሰላም የሚለው። ያ ሰው የልጆች ጓዳ ውስጥ በላብ ተነክሮ «እንቁራሪቷን ዛሬ አልለቃትም!» ሲል መስማት… የሰፈር ልጆች እንዳያዩት በሩ ላይ መጋረጃውን ይዤ እቆም ነበር። የክፍሌ ልጆች ይህን ቢያውቁ ማሰሪያ ማሰርም አያድነኝም። ለአባባም ነገሩ ገብቶታል መሰለኝ፤ አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ሌላ አስተማሪ ሲያገኘው «ጨርቅ ስመርጥ ነበር» አለ። በነጋታው «ሒሳብ ስተሳሰብ ነበር» አለ። ሲዋሽ አንገቱ ይቀላል።

እትዬ አዛሉ ሸሚዙን አይተዋል። «ያባትሽ ሸሚዝ ምነው እንዲህ በላብ ይርሳል?» አሉኝ ልብስ ሳሰጣ። «እግሩን እያፍታታ ነው» አልኩ። «ሰይድ ጓዳ ነው የሚያፍታታው? ፋጡማ ባለችበት?» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። ልጅ ነበርኩ፤ ፋጡማ ስለምታሸንፈው የተናደዱለት ነው የመሰለኝ። «አዎ፣ እሷ ናት የምታደክመው» አልኳቸው። ወይኔ! እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩት።

ፋሲካ ሲቃረብ ብቸና ልንሄድ ሆነ። አባባ ራሱ እሺ ያለው በሽማግሌ ልመና ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከበዓሉ በኋላ እናስታርቃችኋለን ብለው ልከውበታል። እኔ ይህን ስሰማ እግሬ መሬት አልነካም። ጉጉቱና ኤሊው መጡልን አልኩ ለሐያት።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን የመጨረሻውን ሩጫ ገጠሙ። ጋሽ ሰይድም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ገብተው ያዩ ነበር። ጥንቸሉ ከኋላ ተነሳ። እኩል ሆኑ። የአባባ ግራ እጅ ሊነቀል ደረሰ። በመጨረሻ ጥንቸሉ ደረቱን ለመጨረሻው ክር ሰጠ፤ አንደኛ! ፋጡማ ሪሞቷን ወርውራ እልል አለች። አባባ ግን ራሱን ረሳ። ወደ ጣሪያው አንጋጦ የተንጋደደ እግሩን እየጎተተ መሐል ክፍሉ ላይ ዘለለ፦

«አካኪ ዘራፍ! ዘራፍ የአያሌው ልጅ! ማን ሊቀድመው!»

ጉሮሮውን ከፍቶ ነው የፎከረው። የአያቴን፣ የሟቹን የአያሌውን ስም ለጥንቸል ጠራ! ገበያ ቀን ነበር፤ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ሱቁን ከበበ። «ምንድነው? ማን ተመታ?» ይላሉ። ጋሽ ሰይድ ሮጠው ወጥተው «ምንም የለም፣ ጨርቅ እየለካን ነው!» አሏቸው። እኔ ሁለት የአቡጀዲ ጥቅሎች መካከል ገብቼ ፊቴን ጨርቁ ውስጥ ቀብሬ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እስኪጠሩኝ ድረስ የአቡጀዲውን ሽታ ስምግ ቆየሁ፤ ከዚያ ሲጠሩኝም አልወጣሁም።

ብቸና የደረስነው ለሆሳዕና ዋዜማ ነው። ፋሲካም አለፈ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ግቢያችን መጥተው ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የንስሐ አባታችን ቄስ አምሳሉ ነበሩ፤ የቅኔ መምህሩ የኔታም ነበሩ፤ ሌላ አንድ ሽማግሌም። እኔ ጠላ ልቀዳ ነው የተገኘሁት። ዓይኔን ከየኔታ ላይ መንቀል አልቻልኩም፤ አንገታቸው ከጋቢው ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲል ኤሊውን ራሱን ነው የሚመስሉት። አበቃ፣ ታረቁ አልኩ።

እማዬ ተነሥታ ቆመች። ስለ እግሩ ይሆናል የምትናገረው ብዬ ነበር።

«የእግሩ ነገር በደሌ ነው፤ ስለሱ የምትሉኝን እቀበላለሁ» አለች። «ግን አባቶቼ፣ ሞጣ ሄዶ የሚያደርገውን እሱ ይንገራችሁ። ሰይድ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ጓዳ በየቀኑ ይገባል። ፋጡማ የምትባል ሴት አለች። ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነው። በሑዳዴ! ከሞጣ መልእክት ደርሶኛል።»

እትዬ አዛሉ! እንስራውን ጥብቅ አድርጌ አቀፍኩት።

ቄስ አምሳሉ ወደ አባባ ዞሩ። «እውነት ነው፣ ይልማ? ትገባለህ?»

«እገባለሁ» አለ አባባ።

«ሴትዮዋስ?»

«እሷ ንጹሕ ናት። ስሟን አታንሱ።»

«እንግዲያ ምን ትሠራለህ እዚያ?»

አባባ አቀረቀረ። አንገቱ ቀላ። ያን ቅላት አውቀዋለሁ፤ እኔም እንደሱ ቀላሁ። አንድ ቃል ቢናገር ነጻ ነው፤ ግን ምን ብሎ ይናገር? በእነዚህ ጋቢ ለባሾች ፊት፣ በየኔታ ፊት፣ ቀይ ሻርፕ ያደረገ ጥንቸል ሆኜ ከእንቁራሪት ጋር እሮጣለሁ ይበል? ውሽማ ይዟል መባሉን መረጠ። ሰው ነውራም ይባላል እንጂ መሣቂያ አይሆንም ብሎ ነው መሰለኝ። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ሦስተኛው ሽማግሌ «እንግዲህ ዝም ካለ…» ብለው ዱላቸውን አነሡ፤ ሊነሡ ነው። እነሱ ከተነሡ ሁሉ ነገር አለቀ ማለት ነው፤ አባባ ወደ ሞጣ፣ እማዬ እዚሁ፣ እኔ መሐል።

«ጌም ነው!» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። እኔ ጠላ ቀጂ ነኝ እንጂ ተናጋሪ አይደለሁም። «ውዴ!» አለ አባባ፤ ልመና ነበር።

«ምንድነው እሱ ልጄ?» አሉ ቄስ አምሳሉ።

ለማስረዳት ሞከርኩ። ቴሌቪዥን አልኩ፣ ሪሞት አልኩ፣ ጥንቸል አልኩ። ቄሱ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ሦስተኛው ሽማግሌ «አባቷ አስጠንቷት ነው» አሉ። ያን ጊዜ ተናደድኩ። እንስራውን አስቀመጥኩና መሐላቸው ገብቼ እጆቼን ማወዛወዝ ጀመርኩ። ምላሴን ነከስኩ። ቀኝ እጄን ቀጥ አድርጌ፣ ግራ እጄን ከክርኑ ወደ ውጭ እየገነጠልኩ፣ ዝንብ እያባረርኩ፣ ልክ እንደ አባባ። ከኀፍረት ዓይኔ እንባ ሞልቷል፤ ግን አላቆምኩም።

ቄስ አምሳሉ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስተኛው ሽማግሌ በግልጽ ነው የሣቁት። የኔታ ደግሞ ለተማሪ እንደሚሉት «ይበል! ይበል!» አሉ። አባባ መሬት መሬት ያያል።

«ያሸንፋል ታዲያ?» አሉኝ ቄሱ ሣቃቸውን እያፈኑ።

«አያሸንፍም» አልኩ። «ሁልጊዜ እንቁራሪቷ ናት የምትቀድመው።»

በዚህ ነው ግቢው በሣቅ የፈረሰው። ለአባባ ማዘኔ ነበር፤ አንድ ጊዜ አሸንፏል ካልኩ ፉከራውንም ማውራቴ ነው፤ ከዚያ ተሸናፊ ብለውት ቢሄዱ ይሻላል አልኩ።

ያልሣቀችው እማዬ ብቻ ናት። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንስታ እኔን ሳይሆን እጄን ታያለች።

«ግራ እጁ!» አለች። «ይሄ ተጠንቶ አይደለም አባቶቼ። ልጅቷ ሲወዳደር አላየችውም። እኔ ነኝ ያየሁት፤ ገና ሳያገባኝ፤ ግራ እጁን እንዲህ ነበር የሚያደርገው።» ከዚያ ወደ አባባ ዞረች። በእኔ በኩል አልነበረም፤ ቀጥታ ለእሱ ነው የተናገረችው። «ሩጫው እንዲህ ናፍቆህ ነው?»

አባባ ቀና አለ።

«አዎ» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ይቅርታ ተባለ፣ ጉልበት ተሳመ፣ ምሳ ቀረበ። እኔ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዤ እጅ ላስታጥብ ዞርኩ። የኔታን አስታጠብኩ፣ ቄሱን አስታጠብኩ፤ «የጥንቸሉ ልጅ» አሉኝ ሦስተኛው ሽማግሌ፤ ስሙም ብቸና ውስጥ በዚያው ጸደቀልኝ። አባባ መጨረሻ ላይ ነበር። ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ጎንበስ ብዬ ውሃውን አፈሰስኩ። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ውሃው ሥር ያዛቸው፤ አያሻቸውም።

«ውዴ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አቤት አባባ።»

«አንደኛ የወጣሁበትን ለምን አልነገርሻቸውም?»

ጎንበስ እንዳልኩ ማፍሰሴን ቀጠልኩ፤ ውሃው አልቆ ማንቆርቆሪያው ባዶውን ሲያዘነብል እንኳ አላወቅሁም።